ረምዚን ያሸነፍኩበት ጠዋት

ካርቲየ 6 ውስጥ ጎሚስታ ሽብሩን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው። እጄ ያልነካው ጎማ ጅቡቲ ውስጥ የለም፤ መርከብ ጎማ ቢኖረው እሱንም በለጠፍኩት ነበር። ስሜን ያስጠራው ግን ሌላ ነው፤ በወጣትነታችን ድሬዳዋ ላይ ረምዚን በብስክሌት አሸንፌዋለሁ። ያንን ረምዚ! ፈረንሳይ ሄዶ አሥራ አንድ ዓመት በፕሮፌሽናልነት የተወዳደረውን። ሃያ አምስት ዓመት ይህንኑ ሳወራ ኖርኩ። መጀመሪያ ያሸነፍኩት በአንድ ጎማ ርዝመት ነበር፤ ልዩነቱ በየዓመቱ እየሰፋ ሄዶ አሁን አራት ኪሎ ሜትር ደርሷል።

ባለፈው ወር ግን ረምዚ ራሱ መጣ። ውድድር ካቆመ ዓመታት አልፈውታል፤ የመጣው ሄሮን ሰፈር እህቱ ሱሪያ ቤት ሊያርፍ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቱ ሆድ የለውም! ባቱ እንደተጠረበ እንጨት ነው። ሰው በሰው ባት ይቀናል? እኔ ቀናሁ፤ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም፤ እሺ፣ አንድ ቁርስ ዘለልኩ።

ጎረቤቴ ዓብዱሰመድ ጨርቅ ይነግዳል፤ ትርፉ ግን ነገር መቆስቆስ ነው። ረምዚን ሱቄ ድረስ ይዞት መጣ።

«ያ ሽብሩ፣ የቀጣኸው ሰውዬ ይኸውልህ! አርብ ጠዋት ድገመው እስኪ። ከሄሮን እስከ ሃያብለ።»

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው።»

«ዋሪያ! በአራት ኪሎ ሜትር የቀደምከውን ሰው ፈራኸው?»

ረምዚ ፈገግ አለ። ድሬዳዋ ላይ የሆነውን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ የሃያ አምስት ዓመት ስሜ አበቃለት። እሺ አልኩ።

ዓብዱሰመድ ፈንጠር ሲልልኝ ረምዚን ጠየቅኩት። «ለመሆኑ እዚያ ስንት ጊዜ አሸነፍክ?»

«አንድም ጊዜ።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ለቡድናችን አለቃ ውኃ አመላልሳለሁ፤ ከፊቱ ሆኜ ነፋስ እከልላለሁ። መጨረሻው ሲቃረብ ወደ ጎን እወጣለሁ፣ እሱ ያልፋል። ሥራዬ ይኸው ነበር።»

ደስታዬን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ውኃ አመላላሽ! ይህን ሁሉ ዓመት የተቃጠልኩት በውኃ አመላላሽ ነው እንዴ?

አርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ አሥር ሺህ ሰው ወጣ። እሺ፣ ሃያ ሰው ይሆናል። ግማሹ ሄሮን ሸኘን፣ ግማሹ ዓብዱሰመድን ይዞ ሃያብለ ጠበቀን። ነፋሱ ከፊት እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ረምዚ ተፈትልኮ ይሄዳል ስል አልሄደም። በብብቱ ሥር ወደ ኋላ እያየኝ ይጋልባል፤ ስደክም ይቀንሳል፣ ስበረታ ይጨምራል። ከጀርባው ስገባ ነፋሱ በር እንደተዘጋበት ቀጥ አለ። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ተጠንቅቆልኝ አያውቅም። አንድ ፈረንሳዊ ይህን ምቾት አሥራ አንድ ዓመት ሲጠግበው እንደኖረ ሳስብ፣ ረምዚን ትቼ በፈረንሳዊው ቀናሁ።

የባልባላን አቀበት ወጥተን ሃያብለ ሰዎቹ ሲታዩን፣ ረምዚ ሰው የጎተተው ይመስል ወደ ጎን ወጣ። አለፍኩት። አንደኛ!

«ሆን ብለህ ነው!» አልኩት ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«አይደለም ወንድሜ፤ እግሬ ነው። መጨረሻውን ሲያይ ወደ ጎን ይወጣል። አንደኛ መግባት አላስተማሩትም።»

ዓብዱሰመድ በሰው መሀል ጮኸ። «ረምዚ፣ እውነቱን ንገረን! ድሬዳዋም አሸንፎህ ነበር?»

ጎማዬን የምመረምር መስዬ አጎነበስኩ።

«አሸንፎኛል» አለ ረምዚ። «እንዲያውም የዚያን ጊዜው ከዛሬው ይብሳል።»

ስሜ ተረፈ። ሰዉ ግን ወደ እኔ መጣ? አልመጣም! ሱሪያ ወንድሟን አቀፈችው፤ ሽማግሌዎቹ «ተሸንፎ እንዲህ የሚናገር ጨዋ!» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ የተወደደው እሱ! ውስጤ ነደደ።

«ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ስምንት ነበርን፤ ሰባተኛ ወጣሁ! ስምንተኛውም አጥር ውስጥ ገብቶ ነው! አንደኛ የወጣው ረምዚ ነው!»

ዓብዱሰመድ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አያችሁት? ለእንግዳው ክብር ብሎ ድሉን አሳልፎ ሰጠው። ሽብሩ፣ እንዲህ ትሑት መሆንህን አላውቅም ነበር።»

«ወላሂ እውነቴን ነው! ሰባተኛ ነኝ!»

«አቦ በቃ፣ ገባን!»

ረምዚ መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪያስለው ይስቃል። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ! በሳቁም ቀናሁ።