የማቲቫ ክንድ

እህቴ ሴሉያ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ነርሷ ልጁ አግድም ተኝቷል አለች፤ ደሴታችን ላይ ደግሞ ቀዶ የሚያወጣ ሐኪም የለም። መርከቧ በወር አንዴ ነው የምትመጣው፤ ዛሬ መጥታ ደሴቷን ከከበበው ስለታም የባሕር ድንጋይ፣ ከኮራሉ አጥር ውጪ ቆማለች። ካፒቴኑ ባሕሩ እየከፋ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አልጠብቅም ብሎ በሬዲዮ ነግሮናል።

ከአጥሩ መውጫው በር አንድ ጀልባ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ማዕበል እዚያ መሀል ካገኘህ አለቀልህ። ትልልቆቹ ማዕበሎች ሦስት ሦስት እየሆኑ ይመጣሉ፤ ከነሱ በኋላ ባሕሩ ለአፍታ ይተኛል። ስለዚህ አንድ ሰው አጥሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ባሕሩን ያያል፤ ክንዱን ሲያነሳ ጀልባው ይሄዳል። ሞተሩ ስለሚጮህ ጥሪ አይሰማም። ነጂው የሚያየው ክንዱን እንጂ ባሕሩን አይደለም፤ ባሕሩን ያየ ይፈራል፣ የፈራ ያመነታል፣ ያመነታ ይገለበጣል። ጀልባው እስኪያልፍ ክንዱ አይወርድም። ክንድ አንሺውን እዚያ ቆሞ ሳለ ማንም አይነካውም፤ ሴት ልጅማ አጠገቡም አትደርስ።

ክንድ አንሺያችን አባባ ማቲቫ ናቸው። በሠላሳ ዓመት አንድም ጀልባ አልተገለበጠባቸውም።

ችግሩ፣ አባባ ማቲቫ አሁን አሁን አያዩም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ገመድ ላይ የተሰጣውን የአጎቴን ሸሚዝ ቆመው ጤንነቱን ሲጠይቁት ደረስኩባቸው። በሳቅ ሞትኩ። እሳቸው አልሳቁም። እጄን ይዘው ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ፤ ይህን ሥራ ከቀሙኝ ምን ይቀረኛል አሉኝ። ምላሴ ረጅም ቢሆንም ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ ማልኩላቸው።

ሴሉያን ከነፍራሿ ጀልባው ውስጥ አስተኟት። የሚነዳው ባሏ ታቪታ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። መሐላውን ላፈርሰው ተጠጋሁና ስለ አባባ ማቲቫ አንድ ነገር ልንገርህ አልኩት።

«ዞር በይ ለፔካ፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም» አለኝ።

ሲቀልዱ የመኖር ትርፉ ይኸው ነው። የቀረኝ እግሬ ነበርና ኮራሉ ላይ ሮጥኩ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነው። ከባሕሩ ዳር ያሉት ሁሉ ተመለሺ እያሉ ይሰድቡኛል። አባባ ማቲቫ ጀርባ ደርሼ ቆምኩ።

«ማነው?» አሉ።

«ለፔካ ነኝ።»

«ሂጂልኝ። ሰው ያያል።»

«ስንት ማዕበል አለፈ አባባ?»

ጆሯቸውን ወደ ባሕሩ አዘነበሉ። «ሦስቱም ትልልቆቹ አልፈዋል።»

«ሁለት ነው ያለፈው። ሦስተኛው እየመጣ ነው።»

«ይህን ውሃ ሳውቀው እናትሽም አልተወለደች» አሉና ክንዳቸው መነሳት ጀመረ።

ከኋላዬ ሞተሩ አጓራ። በሁለት እጄ ክንዳቸውን ይዤ ተንጠለጠልኩበት። ከዳር የተነሳው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አባባ ማቲቫ ሊያራግፉኝ ታገሉ፤ ሽማግሌ ናቸው ግን ጉልበታም ናቸው። ክርናቸው ጥርሴን መታኝ። አልለቀቅኩም።

ሦስተኛው መጣ። የጸሎት ቤታችንን ጣሪያ ያህላል ብል አታምኑኝም፣ ግን ያህላል። በሩ ላይ ተሰብሮ እስከ ደረታችን ዋጠን፤ ኮራሉ እግሬን ቆራረጠው። አረፋው ሲሸሽ ዞር ብዬ አየሁ። ጀልባው ከበሩ ወዲህ ቆሟል።

አሁን ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስንት ቀረ?» አሉኝ።

«አንድ ትንሽ። ከሱ ወዲያ ለጥ ያለ ነው።»

«ትንሹ ሲያልፍ ክንዴን አንሺው።»

ትንሹ አለፈ። ክንዳቸውን አነሳሁት። ጀልባው አጠገባችን ሽው ሲል ሴሉያን ፎጣ ነክሳ አየኋት። የአባባ ማቲቫ ክንድ ደክሞ ዝቅ ይል ጀመር። ትከሻዬን ከሥሩ አስገብቼ ደገፍኩት፤ ሲከብድ!

«አለፉ?»

«ገና።»

«አሁንስ?»

«መርከቧ ጎን ደርሰዋል። መረብ ወረደላቸው። ከነፍራሿ እየሳቧት ነው... ገባች አባባ። ገብታለች።»

«እንግዲያው ልቀቂኝ።»

ለቀቅኳቸው። ክንዳቸውን ራሳቸው ቀስ አድርገው አወረዱት። ዳር ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ይጠብቁናል፤ ፊታቸው ቀልድ አያውቅም። አባባ ማቲቫ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና ምሪኝ አሉኝ። ጥቂት እንደሄድን ቆም አሉ።

«ስለ ዓይኔ የምነግራቸው እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ ዝም በይ፤ ከቻልሽ።»