ሐረግ የቆረጠ እጅ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ደግሞ መርሳቱንም አልፈልግም።

አባቴ ጁማ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለውን ደን ሃያ ዓመት ጠብቋል። መስከረም በጠባ ቁጥር ማጭዱን ይዞ ዛፎቹን ያነቀውን ሐረግ ይቆርጥ ነበር። የደን ኮሚቴው ሊቀመንበር ሙዘይን ግን «ደን አጥፊ» አለው። ለሐረጉ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ የጥበቃውን ሥራ ነጥቆ ለገዛ ወንድሙ ሊሰጥ ነው። ሰጠውም። ይህ አልበቃው ብሎ አገሩን ለዱዓ ሰበሰበና በትልቁ ዋርካ ሥር እጁን ዘረጋ።

«ከዚህ ደን ሐረግ የቆረጠ እጁ ይድረቅ!»

«አሚን!» አለ አገሩ። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ቤቱ ገባ። ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ኢቲሳም የምትባል ተመራማሪ ሐረጉ ደኑን ይጥቀም ይጉዳ ልታጠና መጥታ ነበር፤ ቀጠረችኝ። በአንደኛው ወገን ሐረጉን ከሌላ ወረዳ ባመጣቻቸው ሰዎች አስቆረጠች፤ የኛ ሰው እርግማኑን ፈርቶ እምቢ ብሏታል። ሌላውን ወገን እንዳለ ተወችው። ከዛፎቹ ሥር መረብ ዘረጋን። እኔ በየአስራ አምስት ቀኑ የረገፈውን ቅጠል ለቅሜ፣ አድርቄ እመዝናለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ሐረግ ያለበት ወገን ቅጠል በለጠ። ሙዘይን ሰምቶ መጣና፣ «የአባትሽን ጥፋት ሚዛኑ ነገረሽ አይደል?» ብሎ ሳቀብኝ። ከሐረጉ ወገን ከረጢት እፍኝ ዘግኜ ልጥል እጄን ሰድጄ ነበር። መለስኩት። ሙዘይንን በሐሰት ሚዛን ማሸነፍ አነሰብኝ።

በሦስተኛው ዓመት የአፈሩ ምርመራ መጣ። የሐረግ ቅጠል ቢበዛም ስስ ነው፤ ክረምቱ ሳያልቅ በስብሶ ይጠፋል። የታነቀው ዛፍም አይወፍርም። ሐረጉ በተቆረጠበት ወገን ግን ዛፉም አፈሩም የያዙት ካርቦን በልጦ ተገኘ።

«አባትሽ ያወቁትን ነው እኔ ሦስት ዓመት የለካሁት» አለችኝ ኢቲሳም። አለቀስኩ። ከዚያም፣ ክፉ ደስታ ደስ አለኝ።

አገሩ እዚያው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ሐረጉ ሁሉ እንዲቆረጥ ተስማማ። ተነስቼ፣ «ሊቀመንበሩ ይጀምር» አልኩ። ሽማግሌው ሸህ ኸሚስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ልክ ነች። እርግማኑን ያወጣ እሱ ይጀምር።»

የአባቴን ማጭድ ይዤ መጥቼ ነበር። ለሙዘይን ዘረጋሁለት።

«ሀፊዛ፣ እህቴ፣ በነቢ ይዤሻለሁ፤ አፉ በይኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አፉ የሚልህ መቃብር ውስጥ ነው። ቁረጥ።»

ያዘው። እጁ ሐረጉን ሁለቴ ሳተው። ሰው ሁሉ ያንን እጅ ያያል። እኔም ጠግቤ አየሁት፤ አስር ዓመት የጠበቅኩት ይህንን ነበር።

በሦስተኛው ሐረጉ ተቆረጠ። ያን ጊዜ የራሴን እጆች ከነጠላዬ ሥር ደበቅኳቸው። በዚያ የዱዓ ቀን ሙዘይንን ፈርቼ፣ ከአባቴ ጎን ቆሜ፣ እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን ብያለሁ። አባቴ ሰምቶኛል።