«ሁ» ያላለችው አድማጭ

ልጅ በሥርዓት በማሳደግ ራዚያን የሚያህል የለም፤ ይህን የምትለው ደግሞ ራሷ ራዚያ ናት። የስድስት ዓመቷ ሩመይሳ ትልቅ ሰው ሲያወራ ጉሮሮዋን እንኳ አትጠርግም። «እንደ እናቷ ወራቤ ያደገች ነው የምትመስለው» ሲሏት እናትየው ደረቷን ትነፋለች። ልጅቷ ግን ከጆሃንስበርግ ወጥታ አታውቅም።

ፎርድስበርግ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ከራዚያ የመጋረጃ ሱቅ ቀጥሎ ሻፊ የሚባል የባንግላዴሽ ሰው ጨርቅ ይሸጣል። እናቱን መንደሩ ሁሉ ናኒ ይላቸዋል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ናኒ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያገራቸውን ተረት ያወራሉ። ሩመይሳ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም።

ያን ሰሞን የያዙት ተረት፣ ነብር ያለበት ጫካ ገብቶ የቀረባትን አባቷን ፍለጋ ብቻዋን ጀልባ ስለቀዘፈች ልጅ ነበር። የተረቷ ልጅ ነብሩ ያለበት ደሴት ላይ ስትደርስ ናኒ ድንገት «በቃ» ብለው ገቡ። በማግስቱም ዝም አሉ። ቅዳሜ ደግሞ ላይመለሱ አገራቸው ሊገቡ ነው።

ሩመይሳ ምግብ አልበላ አላት። «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ? አባቷስ ሞተ?» እያለች አንጀቷን በላቻት። ራዚያ ዓርብ ዕለት ሻፊን ጠየቀችው።

«ሲስተር፣ ልጅሽ እኮ ሁ አትልም» አላት። «እኛ ጋ ተረት የሚሰማ ሰው በየመሀሉ ሁ፣ ሁ ይላል። ዝም ካለ ወይ ተኝቷል ወይ ሰልችቶታል። የእኔዎቹ ልጆች ጆሯቸውን በሙዚቃ ደፍነው ሁ ማለት ከተዉ ቆዩ። እናቴ ይቺም ሰለቻት ብላ ከፍቷታል።»

ራዚያ በቁሟ ቀለጠች። ያን አፍ የዘጋችው እሷ ራሷ አይደለችም?

ቅዳሜ ናኒን የሚወስደው መኪና ሲመጣ «ሂጂ፣ መሀል እየገባሽ ሁ በያቸው!» ብላ ልጇን ገፋቻት። የስንት ዓመት ቁጣ ባንድ ቀን ምክር መቼ ይነሳል? ሩመይሳ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ናኒ ግንባሯን ስመው ወደ መኪናው ዞሩ።

ራዚያ አላስቻላትም። «ናኒ!» ብላ ጮኸች። «ልጅቷ ደሴቱ ላይ ደረሰች። ከዚያስ?»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ነብሩ ተኝቷል» አሉ በቀስታ።

«ሁ» አለች ራዚያ። ደንበኞቿ ዞረው አዩዋት፤ ፊቷ በሐፍረት ተቃጠለ።

«አባትየው ዛፍ ላይ ወጥቷል።»

«ሁ።»

«መውረድ ፈርቷል።»

«ሁ!» አለች ሩመይሳ፣ ያፈነችውን ሁሉ ባንዴ እየለቀቀች።

ናኒ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የመኪናውን በር ለቀው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና ሩመይሳን ወደ ጭናቸው ሳቧት።

«እማ፣ አውሮፕላኑ!» አለ ሻፊ።

«ታዲያ ሰውየውን ዛፍ ላይ ጥዬው ልሂድ?» አሉት ተቆጥተው።