የግራው እጅጌ

አልጣሽ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ሱቋን ትገለብጣለች። የቦንጋ ወላጅ ልጁ ማደጉ ትዝ የሚለው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ነውና፣ የዩኒፎርም ሰፊ ቀድሞ ካልተሰናዳ መስከረም ላይ ሰድቦ ለሰዳቢ ይሰጠዋል። ስለዚህ መርፌ ትለውጣለች፣ መቀሷን ታስሞርዳለች፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲልሰው የከረመውን ግድግዳ ትመርጋለች።

የዚያን ዓመቱ ግን የብቻው ነበር። አገር በሙሉ ሁለት ሺህን ልቀበል ብሎ አጥሩን ኖራ ሲቀባ፣ እሷ የምትቀበለው ሌላ ነው። መምህር አብነት ሰኔ ላይ ወደ አገሩ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ከመሳፈሩ በፊት ሱቋ መሃል ቆሞ፣ ሱቁን ከመኝታዋ የሚለየውን የጭቃ ግድግዳ በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ነበር።

"ይቺን መስከረም ስመለስ አብረን እናፈርሳታለን። ሱቁ ይሰፋል፣ አንቺም ወደ እኔ ቤት ትገቢያለሽ። ሽማግሌ ዋጫ ድረስ እልካለሁ።"

"የአባቴን ደጅ ጭቃ አታውቀውም። ሽማግሌዎችህ ጫማቸውን እዚያው ትተው ነው የሚመለሱት" አለችው። አፏ እንዲህ ነው፤ ደስ ሲላት ደግሞ ይብሳል።

የተዋወቁት ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ነው። ስትለካው የግራ እጁ ከቀኙ በአንድ ጣት በለጠባት። ሳትነግረው የግራውን እጅጌ በዚያችው ጣት አርዝማ ቆረጠችለት። ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም ሁለቱ እጆቹ እኩል ሆኑ። "ይህን ከእናቴ በቀር ያየልኝ የለም" አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት የሱቋን በር ሳይረግጥ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው።

ጳጉሜን ሦስት ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። "ከመንገድ ደክሞት ነው የሚመጣው" አለችና በመጥረቢያ ጀርባ ግድግዳውን ብቻዋን አፈረሰችው። አጠገቧ ቆጮ የሚሸጡት እትዬ ሠናይት አቧራውን በነጠላቸው እየተከላከሉ ብቅ አሉ።

"ምነው ልጄ፣ አልጋሽን ለገበያ አወጣሽው?"

"ለሳምንት ነው፣ እትዬ። ከዚያ አልጋውም እኔም እዚህ የለንም።"

"ሰውየው ሳይመጣ ግድግዳ ይፈርሳል?"

"ከመጣ በኋላማ ማንም ያፈርሰዋል።"

እንደ ወፍጮ ስትንጫጫ የኖረችውን የስፌት መኪናዋንም ፈታትታ በላምባ አጠበቻት፣ ዘይት አጠጣቻት፣ መዘውሯን የሚያዞር አዲስ ቺንግያ አሰረችላት። አሁን ሲረግጧት ድምፅ የላትም። እትዬ ሠናይት "ጎረቤት ያለኝም አይመስለኝ" ብለው አመሰገኑ።

መስከረም ገባ። መምህራኑ አንድ በአንድ ተመለሱ። አብነት የለም። አልጣሽ የአውቶቡስ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር መርፌዋን አየር ላይ ታቆማለች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀጠን ያለ፣ የማታውቀው ወጣት ኮት በክንዱ አንጠልጥሎ ገባ። ገብረሚካኤል እንደሚባል፣ አዲስ የመጣ የፊዚክስ መምህር እንደሆነ ነገራትና ኮቱን ዘረጋላት።

"እህቴ፣ ይቺን ታስተካክይልኛለሽ? የሰፋት ሰውዬ ሰክሮ ነበር መሰለኝ፣ የግራው እጅጌ ከቀኙ በጣት ይበልጣል።"

ኮቱን ተቀበለችው። ገበሩን ገልጣ ስፌቷን ማየት አላስፈለጋትም።

"ከየት አገኟት?"

"የተለዋወጥኩት መምህር ሰጠኝ። ቦንጋ ዝናብ ነው፣ ትጠቅምሃለች፣ እኔ ከእንግዲህ አልፈልጋትም አለኝ።"

"ምን ተለዋወጣችሁ?"

"ቦታ ነዋ። ዝውውር እንዲሁ አይገኝም፤ ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር ሰው ይፈለግና ቦታ ለቦታ ነው። የእኔ እናት ጅማ ናት፣ ልቅረባት ብዬ። እሱም አገሬ ልግባ አለ። ማመልከቻውን ያስገባው ጥር ላይ ነው።"

ጥር። በዚያ ጥር፣ አንድ ጠዋት፣ አብነት ይችኑ ኮት ይዞ መጥቶ "ዞን ጉዳይ አለኝ፣ ተኩሺልኝ" ብሏት ነበር። ካውያው ላይ ከሰል ሞልታ፣ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ተመላልሳበት፣ ትከሻውን በእጇ ጠርጋ "እንዲህ ለብሰህ የጠየቅኸውን ማን ይከለክልሃል?" ብላ ነው የሸኘችው። እውነትም ማንም አልከለከለውም። ግድግዳውን በጣቱ የቆረቆረው ከዚያ በኋላ፣ በአምስተኛው ወር ነው።

ሜትሯን አንስታ የገብረሚካኤልን እጆች ለካች። እኩል ናቸው።

"ሰክራ አልነበረም" አለች።

"ማን?"

"የሰፋችው። ነገ ይውሰዷት።"

ሰውየው ቀና ሲል ዓይኑ ከአልጋዋ ጋር ተጋጨ፤ አፍሮ ወደ በሩ ዞረ፣ ደህና ዋይ ብሎ ወጣ። አልጣሽ ለስምንት ልጆች ዩኒፎርም ያስቀመጠችውን ሰማያዊ ጨርቅ ከነጥቅሉ አወረደች፤ ግድግዳው በነበረበት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚስማር ወጥራ ሰቀለችው። የልጆቹ እናቶች የሚሉትን ይበሉ።

ከዚያ ተቀመጠች። የግራውን እጅጌ ተረተረች። በጠመኔ አሰመረች፣ ቆረጠች። ጣት የምታህል ቁራጭ ጭኗ ላይ ወደቀች። አንስታ ከክር ጥራጊው ጋር ልትጥላት ብላ፣ ጨብጣት ቀረች። በሌላኛው እጇ ጨርቁን መርፌው ሥር አስገብታ መርገጥ ጀመረች። ድሮ ቢሆን ያቺ መኪና ስትንጫጫ የማትሸፍነው ነገር አልነበረም። አሁን ዝም ብላ ትሄዳለች።

"አልጣሽ" አሉ እትዬ ሠናይት ከወዲያኛው ቤት። "ምንድነው የምሰማው?"

"መኪናዋ ናት፣ እትዬ" አለች። "ዘይት አንሷት ነው።"