ለእናቴ ስንብት የተሣለው ፊት

ባሌ ኩኒሃሩ መጽሔት ላይ የሚወጡ አስፈሪ የሥዕል ታሪኮችን ይሥላል፤ እሱ ራሱ ግን በረሮ ካየ እኔን ነው የሚጣራው። ሥራው የሁለታችን ነው። እሱ መስመሩን ሠርቶ፣ መጥቆር ያለበት ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ የኤክስ ምልክት ያደርጋል። እኔ ምልክቱን እየተከተልኩ በቀለም እሞላዋለሁ። የጭራቆቹ ዓይን ሥር ያለው ጥቁር ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ስሙ የሚወጣው ግን የእሱ ብቻ ነው፤ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

እናቴ ኢቶኤ የምትኖረው እዚሁ ታች ቤት ነው። ሥራውን አንድ ቀን አድንቃለት አታውቅም። ዘንድሮ መኸር ላይ ከሆስፒታል ስትመለስ ግን ጠራችው።

«ስሞት ሣጥኔ ፊት የሚቆመውን ምስል አንተ ሣልልኝ። ፎቶ ላይ ሳልሞት ሬሳ እመስላለሁ።»

ባሌ በደስታ መተኛት አቃተው፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘው። «ሰው የማያስፈራ ፊት ሥዬ አላውቅም እኮ» አለኝ።

«ተማራ! እናቴን ጭራቅ አድርገህ ብታወጣት ውርድ ከራሴ» አልኩት።

ስንቱን ወረቀት ቀዶ ጣለ። በመጨረሻ ፈገግ ያለች፣ ፊቷ የተረጋጋ አሮጊት ወጣችለት። «ጨርሺልኝ» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮልኝ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሬዲዮ እያዳመጥኩ ሞላሁት።

ተመልሶ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ነካሽ አንቺ?»

«ምን አደረግኩ? ምልክት አድርገሃል፣ ሞላሁ።»

አጎንብሰን አየነው። ጉንጯ ላይ፣ ዓይኗ ሥር፣ አንገቷ ላይ እጁ በልማድ ምልክቱን ጣል ጣል አድርጎት ኖሯል። የኔም እጅ በልማድ አጥቁሮታል። አሮጊቷ ከመጽሔቱ የወጣች ጭራቅ ሆናለች።

«ይቀደድ፤ እንደገና እሥለዋለሁ» አለ።

«ምኑ ነው የሚቀደደው?» እናቴ ናት፤ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እንጃ፣ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይቅርታ እማማ፣ ተበላሽቷል።»

«እኔስ መች ደህና ሆኜ አውቃለሁ? አምጣው።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ብዙ ቆየች። ኩኒሃሩ አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ፤ አሳዘነኝ። ከዚያ በጣቷ ሥዕሉ ላይ ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁር ነካችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ወንድምሽ ባሕር ላይ የቀረ ጊዜ የወጣ ነው። አባትሽ አብሮኝ አርጅቶ አላየውም። አንቺም አላየሽውም።»

እውነቷን ነው።

«ይሄ ሰውዬ ግን አየው» አለች፣ በአገጯ ወደ ባሌ እያመለከተች። «ፈገግታውን ብቻ አጥፉልኝ። እሱ የኔ አይደለም።»

ኩኒሃሩ ብሩሹን ወደ እኔ ገፋው። ነጩን ቀለም አንሥቼ ፈገግታውን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ እሱ መሐረቡን አገጬ ሥር ይዞልኝ ነበር።