ሰሊጥ የምፈትንበት ጥርስ

እኛ አገር ሽንፋ፣ ሰሊጥ ደረቀ የሚባለው እኔ ነክሼ ስፈርድ ነው። ፍሬዋን በፊት ጥርሴ ይዤ ጫን እላለሁ፤ ቀጭ ካለች ሂላው ይራገፋል፣ ከተጣበቀች ይቆያል። ሂላ የምንለው የታጨደው ነዶ ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር ነው። ዘንድሮ ያ ጥርሴ መግል ቋጠረ። ፊቴ አብጦ አንድ ዓይኔ ሲጨፈን ሰው ሁሉ አስነቅዪው አለኝ። የሚነቀልስ የእናንተ ምላስ ነው ብዬ ጎንደር ወጣሁ።

ሐኪሟ ሠላማዊት የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። በጥርሱ ሥር ውስጥ ጠባብ ቦይ አለ፣ ነርቩ እዚያ በስብሶ ነው መግል ያመጣብዎ፣ ቦዩን ጠርገን አጥበን እንሞላዋለን፣ ጥርሱ ግን ይቀራል አለችኝ። ገባኝ። አገዳ ቆርቁር ትልም ማሽላን እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ላዩ ቆሞ ውስጡ ባዶ ነው።

አደንዝዛ፣ ጥርሱን ከጀርባው በስታ፣ መርፌ በሚመስል ሞረድ ስትፍቀው አላመመኝም። መድኃኒት አድርጋ ለጊዜው ደፈነችው።

"ሕመሙ ቢጠፋም አላለቀም" አለችኝ። "በሳምንቱ ይመለሱ። እስከዚያ በእሱ ምንም እንዳይነክሱ።"

እሺ አልኩ። እሺ የሚል አፍ መቼ ጠፍቶ።

ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ጠፋ። በአምስተኛው የልጄ ሚስት ሰርኬ መጥታ ሂላው የደረሰ ይመስለኛል፣ ደመናም ይዟል፣ ሠራተኞቹም ሌላ እርሻ ሊሄዱ ነው አለች። "ይመስለኛል" በሰሊጥ አይሠራም። ቀድማችሁ ብታራግፉ ፍሬው ከፍሬ ቤቱ አይወጣም፣ ብትዘገዩ ነፋስ ለመሬት ይሰጠዋል። ሄጄ ነከስኩ። ተጣበቀች። ሌላውን ነከስኩ። ሂላ ለሂላ ስዞር መድፈኛው ተሰብሮ ከሰሊጡ ጋር ምላሴ ላይ መጣ። በማግስቱ ፊቴ እንደገና አበጠ።

ብሄድ ሂላውን ለሰርኬ መተው ነው፤ እሷ የደጋ ልጅ፣ ሰሊጥ ያየችው ካገባች ወዲህ። ብቀር ጥርሴ መነቀሉ ነው። ስነሳ ስቀመጥ፣ ደጅ ወጥቼ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ። ጧት መኪና ላይ ወጣሁ፤ መንገዱን ሁሉ አንገቴ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር።

ሠላማዊት አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ካልተጠነቀቁ መንቀል ነው ብላ ምራቅ እንዳይገባበት ጥርሱን በስስ ጎማ ከባ ትጠርግ ጀመር። እግሬ አላርፍ ብሎ ወንበሩን ይደበድባል። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ሐኪሟ አንስታ ድምፁን ለቃ ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"እማዬ፣ ደመናው እየቀረበ ነው" አለች ሰርኬ። "ላራግፍ ወይስ ልጠብቅ?"

ጉሮሮዬ ላይ ስንት ቃል ተሰለፈ መሰላችሁ። የወጣው "ኣኣ" ብቻ ነው።

"እየታከሙ ነው፣ መናገር አይችሉም" አለች ሐኪሟ።

ሰርኬ ራሷ ቀጠለች።

"እንግዲያው በጥፍሬ ሰብሬ አይቸዋለሁ፤ የጉብታው ቀጭ ይላል፣ የወንዝ ዳሩ ገና ነው። የጉብታውን አራግፋለሁ።"

በጥፍር። አርባ ዓመት ስነክስ ጥፍር አለሽ ያለኝ የለም። ከጉብታው እንድትጀምርም አላስተማርኳት።

እጄን አነሳሁ።

"አመመዎት?" አለች ሐኪሟ።

አይደለም በሚል ራሴን ነቀነቅኩና ስልኩን እንድትዘጋው አሳየኋት፤ እግሬም ወንበሩን መደብደብ ትቶ ነበር።