ቻይናው የት ይቀመጥ?

ዙለይካ ቤጂንግ አራት ዓመት የተማረችው ቻይንኛ እንጀራ ሳይሆናት ቆይቶ ነበር። በሚሊኒየሙ ዓመት አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ከአንድ ቻይናዊ ባለፋብሪካ ጫማ ሊገዛ ካዛንቺስ አንድ ምግብ ቤት ቀጠሮ ያዘ። ከተስማሙ የጋራ ቢሮ ይከፍታሉ፤ ዙለይካም ቋሚ አስተርጓሚያቸው ትሆናለች። ቃል የገቡላት ራሳቸው ናቸው።

ጠዋቱን ሙሉ መሀላቸው ተቀምጣ አስተረጎመች። እንግሊዛዊው ሚስተር ኮሊን ዋጋ ሲቀንስ ቻይናዊው ሚስተር ፋን ይስቃል፤ ሚስተር ፋን ሲስቅ ሚስተር ኮሊን ሰዓቱን ያያል። እስከ ምሳ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጀማነሽ የሠርግ ድግስ የለመዱ ሴት ናቸው። የክርስቲያን ሥጋ በአንድ በኩል፣ የሙስሊም በሌላ በኩል ካልሆነ ገበታ የቀረበ አይመስላቸውም።

"ልጄ፣ ቻይናው ሃይማኖቱ ምንድን ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ ሁለቱም አይደለም።"

"እንግዲያ የት ላስቀምጠው?"

ዙለይካ አሰበች። ማንንም የማያስቀይም ምግብ አንድ ነው። "በቃ፣ የጾም ያቅርቡለት።"

ሚስተር ኮሊን ክትፎ ፊት፣ ሚስተር ፋን ሽሮና ጎመን ፊት፣ አስተርጓሚዋ ከሾፌራቸው ከኑሪ ጋር ወዲያ ጥግ በሙስሊሙ ገበታ ተቀመጡ። ሰው ልታቀራርብ የመጣች ልጅ ለየብቻ አስቀምጣቸው አረፈች!

ሁለቴ ሳትጎርስ ሚስተር ኮሊን ተነሣ። ለካ ሥጋ አይበላም፤ ማንም አልጠየቀውም። ሄዶ ሚስተር ፋን አጠገብ ተቀመጠ። ዙለይካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ሮጠች።

ስትደርስ ሚስተር ፋን አስተናጋጇን፣ "እህት፣ እኔ ሥጋ የለም? ምን አጠፋሁ?" ይላታል። ፋብሪካ ከመክፈቱ በፊት እዚሁ አገር ስድስት ዓመት መንገድ ሲያሠራ ከቀን ሠራተኞች የለቀመው አማርኛ ነው።

ሚስተር ኮሊን በሳቅ ፈረሰ። እሱም ወሎ ውስጥ በእርዳታ ሥራ ስምንት ዓመት ቆይቷል። "የኔን ክትፎ ውሰድ፣ ወንድሜ። እኔ ሽሮ ይሻለኛል።"

ክትፎው መጣ። ከዚያ ዋጋው፣ ብዛቱ፣ የማስረከቢያው ቀን ተነሣ፤ ሁሉም በአማርኛ። ዙለይካ ቆማ ሰማች።

"ማለቴ... ላስተርጉም?"

"ግድ የለም፣ ምሳሽን ብዪ" አላት ሚስተር ኮሊን። "እኛ ተግባብተናል።"

እዚያው ተፈራረሙ። ስለ አስተርጓሚ ቅጥር ያነሣ የለም። ወይዘሮ ጀማነሽ በደስታ ዙለይካን አቀፏት። "አየሽ? የኛ ገበታ አስማማቸው! አሁንማ ቀጠሩሽ!"

ዙለይካን አልቅሺ አልቅሺ አላት። "አዎ፣ እትዬ፣ አስማማናቸው" አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች። ወጡ ጣቷ ላይ ደርቆ ነበር።